ቁልጭ ብሎ የሚታየኝ ትዝታ እንዴት ሐሰት ሊሆን ይችላል?

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ አባታቸው በድንገት ተዝለፍልፈው ሲወድቁ በሩ ላይ ቆመው እንዳዩ፣ ከአባታቸው እጅ ያመለጠው ብርጭቆ ወለሉ ላይ ሲከሰከስ እንደሰሙ፣ የእናታቸውም ጩኸት እስከ ዛሬ በጆሯቸው እንደሚያቃጭል ጽፈዋል። ታላቅ እህታቸው ግን በቅርቡ ነገሩ ሲነሣ፣ «በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ ያን ሰዓት ትምህርት ቤት ነበርሽ፤ የሆነውን የነገርኩሽ ማታ ነው» አሏቸው። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ስዋሽ ኖሬያለሁ ማለት ነው? እንዲህ ያለ የሚያስደነግጥ ነገር በአእምሮ ላይ እንደ ማኅተም ታትሞ አይቀርም ወይ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

አልዋሹም። የሚዋሽ ሰው እውነቱን ያውቃል፤ አውቆም ይሸሽገዋል። እርስዎ የሚናገሩት ግን በዓይነ ኅሊናዎ የሚታይዎትን ነው፤ እህትዎም እንደዚያው። ከሁለታችሁ ማን በሩ ላይ እንደቆመ እኔ ከዚህ ሆኜ ልፈርድ አልችልም፤ ነገር ግን ለፍርዱ ማስረጃ ይሆናል ብለው ያቀረቡት ነገር፣ ማለትም የትዝታው ጥራትና ከእርሱ ጋር የሚመጣው ድንጋጤ፣ ማስረጃ ሊሆን እንደማይችል በእርግጠኝነት እነግርዎታለሁ። ስሜት ትዝታን ያጠነክራል፤ ከትዝታው ይልቅ ግን «በደንብ አስታውሳለሁ» የሚለውን እምነት አብልጦ ያጠነክራል። እነዚህ ሁለቱ አንድ ነገር ይመስሉናል፤ አይደሉም። ጥያቄዎ በሙሉ የሚፈታው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

የማኅተሙ ምሳሌ መሠረት የለውም ማለቴ እንዳልሆነ ግን አስቀድሜ ልግለጽ። ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲፈራ ሰውነቱ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉትን ሆርሞኖች ያመነጫል፤ በአንጎሉም ውስጥ ኖርአድሬናሊን ይጨምራል። አሚግዳላ የተባለችው የለውዝ ፍሬ የምትመስል የአንጎል ክፍል በዚህ ጊዜ ትነቃና አጠገቧ ያለውን፣ ገጠመኞችን የሚመዘግበውን ሂፖካምፐስን «ይህ እንዳይረሳ» ያለች ያህል ታበረታታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1994 ተመራማሪዎቹ ላሪ ኬሂል፣ ጄምስ ማክጋፍና ባልደረቦቻቸው ይህን በሰው ላይ የፈተኑበት መንገድ ቀላልና ግሩም ነበር። ለተሳታፊዎቹ በተከታታይ ሥዕሎች የታጀበ አንድ ታሪክ አቀረቡላቸው፤ ለከፊሎቹ ታሪኩ ተራ ነገር ነው፤ ለከፊሎቹ ግን ሕፃን ልጅ በመኪና ተገጭቶ ክፉኛ ሲጎዳ ይነገራል። ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁ አሳዛኙን ታሪክ የሰሙት የበለጠ አስታወሱ። አስቀድመው ፕሮፕራኖሎል የተባለውን፣ የአድሬናሊንን ሥራ የሚያግደውን መድኃኒት የወሰዱት ሰዎች ላይ ግን ይህ ብልጫ ጠፋ፤ ተራውን ታሪክ የማስታወስ ችሎታቸው ግን አልተነካም። ስለዚህ ስሜት በእርግጥ ያትማል።

ጥያቄው ምኑን ያትማል የሚለው ነው። ስሜት የነገሩን እምብርት አጥብቆ ይይዝና ዙሪያውን ይለቃል። በጦር መሣሪያ የተዘረፉ ሰዎች ሽጉጡን በዝርዝር ገልጸው የያዘውን ሰው ፊት መግለጽ ሲያቅታቸው የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ አይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 ኤልዛቤት ሎፍተስና ባልደረቦቿ የተመልካቾችን የዓይን እንቅስቃሴ በመሣሪያ እየተከታተሉ፣ አንድ ደንበኛ ለገንዘብ ተቀባይዋ በአንደኛው ቅጂ ቼክ ሲሰጥ በሌላው ደግሞ ሽጉጥ ሲደግን የሚያሳዩ ሥዕሎችን አቀረቡ። የተመልካቾቹ ዓይን ወደ ሽጉጡ ደጋግሞ እየተመለሰ፣ ባረፈ ቁጥርም እየቆየ፣ ከቼኩ ይልቅ ብዙ ጊዜ አጠፋበት፤ ያንኑ ያህል ሰውዬውን ለመለየት ተቸገሩ። በእርስዎ ታሪክ ውስጥ ብርጭቆው እንዲህ ያለ እምብርት ይመስለኛል። ድምፁ አለ፤ ስብርባሪው አለ። ቀኑ ምን ቀን እንደነበረ፣ ምን እንደለበሱ፣ ማን ቀድሞ እንደሮጠ ግን አልጻፉልኝም፤ ቢጠየቁ ምናልባት መልስ ያገኙ ይሆናል፤ ያ መልስ ከየት እንደመጣ ነው እንግዲህ አጠያያቂው።

ስሜቱ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ እምብርቱም ራሱ ይናጋል። ይህን ያሳየው በጣም ጠንካራው ማስረጃ ከአሜሪካ ጦር የመጣ ነው። ወታደሮች ቢማረኩ እንዴት እንደሚቋቋሙ በሚማሩበት ማሠልጠኛ ውስጥ፣ እንቅልፍና ምግብ ተነፍገው ከቆዩ በኋላ በሐሰተኛ የምርኮኞች ካምፕ ውስጥ ለአርባ ደቂቃ ያህል ፊት ለፊት ይመረመራሉ፤ አንደኛው ምርመራ አካላዊ ማስፈራራት ያለበት፣ ሌላው የሌለበት ነው። ቻርልስ ሞርጋንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት፣ ከ500 በላይ ወታደሮች በተሳተፉበት ጥናት፣ ወታደሮቹ ከተለቀቁ ከአንድ ቀን በኋላ መርማሪያቸውን በአካል ከተሰለፉ ሰዎች መካከል እንዲለዩ ተጠየቁ። ማስፈራራት የሌለበትን ምርመራ ያደረገውን ሰው 62 በመቶው በትክክል ሲለዩት፣ ያስፈራራቸውን የለዩት 30 በመቶ ብቻ ነበሩ። እነዚህ ወጣት፣ ጤነኛና ለዚሁ የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው፤ ያዩትም ፊት በጨለማ ብልጭ ብሎ ያለፈ ሳይሆን አርባ ደቂቃ ሙሉ ዓይን ለዓይን የተያዩት ፊት ነው። «ያስፈራራኝን ሰው ፊት እስክሞት አልረሳውም» የሚለው ንግግር ከልብ የሚነገር ነው፤ እውነት መሆኑ ግን በዚህ አይረጋገጥም።

አሁን ወደ ጉዳዩ መሐል እንግባ፤ ስሜት የለቀቀውን ክፍት ቦታ ማን ይሞላዋል? ማስታወስ የተቀመጠ ዕቃ ከሣጥን እንደማውጣት አይደለም። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፍሬድሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 እንዳስረዳው፣ ሰው ባስታወሰ ቁጥር ከቀሩት ቁርጥራጮች፣ ከጠቅላላ እውቀቱና በዚያች ሰዓት ካለው ዝንባሌ ነገሩን እንደገና ይሠራዋል። ስንሠራው ደግሞ ያየነውን፣ የሰማነውንና በምናባችን የሣልነውን አንድ ላይ እንቀላቅላለን፤ ምክንያቱም አንጎል ለእያንዳንዱ ምስል «ይህን በዓይኔ አየሁት»፣ «ይህን ነገሩኝ» የሚል መለያ አይለጥፍለትም። ማርሲያ ጆንሰን እንዳሳየችው፣ የምስሉን ምንጭ በኋላ የምንገምተው ከምስሉ ከራሱ ጠባይ ነው፤ ቀለሙና ድምፁ የጎላ፣ ስሜቱ የበረታ ከሆነ «አይቼው መሆን አለበት» እንላለን። እዚህ ላይ የስሜት ወጥመድ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ በስሜት ተውጠን በምናብ የሣልነው ነገርም ቀለም፣ ድምፅና የልብ ትርታ አለውና።

ለዚህ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ ዘወትር የምመለስበት የአምስተርዳሙ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 1992 አንድ የጭነት ቦይንግ 747 አውሮፕላን ሁለት ሞተሮቹ ተገንጥለውበት በከተማዋ ውስጥ በአንድ ትልቅ የመኖሪያ ሕንፃ ላይ ወደቀ። ቴሌቪዥን እሳቱን፣ የነፍስ አድን ሥራውንና ፍርስራሹን ለቀናት አሳየ፤ አውሮፕላኑ ሕንፃውን የመታበትን ቅጽበት ግን የቀረጸ ካሜራ አልነበረም። ከአሥር ወር በኋላ የሆላንድ ተመራማሪዎች፣ ሃንስ ክሮምባግና ባልደረቦቹ፣ «አውሮፕላኑ ሕንፃውን ሲመታ የሚያሳየውን የቴሌቪዥን ፊልም አይተዋል?» ብለው ጠየቁ። ካነጋገሯቸው ሰዎች 55 በመቶው «አዎ» አሉ። ብዙዎቹም እሳቱ ወዲያው ተነሥቶ እንደሆነ ጭምር ያልነበረውን ፊልም እያስታወሱ መለሱ። እነዚህ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። አስደንጋጩን ዜና ሲሰሙ ሁሉም ሰው የሚያደርገውን አደረጉ፤ ነገሩ እንዴት እንደሆነ በምናባቸው ሣሉት። አንድም ሰው በጭንቅላቱ ሳይሥለው ሊሰማው የማይችል ዜና ነበር። ጊዜ ሲያልፍ ሥዕሉ ቀረ፤ ራሳቸው የሣሉት መሆኑ ግን ተረሳ።

አሁን ይህን ከቤትዎ ጋር ያገናኙት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ቤቱ ተተራምሶ ታገኛለች እንበል፤ የምትወደው አባቷ የለም፤ ምናልባት ወለሉ ላይ ያልተጠረገ ስብርባሪ አለ፤ ታላቅ እህቷ እያለቀሰች የሆነውን ሁሉ ትነግራታለች፤ በሚቀጥሉት ሳምንታትም እየደጋገመች። ያች ልጅ ብርጭቆው ሲወድቅ ሳትሰማው ትቀራለች ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ማርክ ሺን፣ ሳይመን ኬምፕና ዴቪድ ሩቢን እ.ኤ.አ. በ2001 መንትዮችን አጥንተው፣ አንዱ ገጠመኝ የማን እንደሆነ ሁለቱም «የኔ ነው» እያሉ የሚከራከሩበት ትዝታ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ አሳይተዋል፤ መንትያ ባልሆኑ ወንድማማቾችና እኅትማማቾችም ዘንድ ይገኛል። ሊታሰብበት የሚገባው፣ እነዚህ ባለቤታቸው የሚያከራክር ትዝታዎች የደበዘዙ አለመሆናቸው ነው፤ ከማያከራክሩት ይልቅ በምስልም በስሜትም የበለጸጉ ሆነው ተገኝተዋል። እርግጥ ነው፣ ይህ በተቃራኒውም ይሠራል። በሩ ላይ የቆሙት እርስዎ ሆነው፣ ከእርስዎ አፍ ሰምተው የራሳቸው ያደረጉት እህትዎ ሊሆኑ ይችላሉ።

«ግን እኮ ፈጽሞ እርግጠኛ ነኝ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ እርግጠኝነትን በተመለከተ ደግሞ ከሁሉ የሚደንቀው ማስረጃ ያለው እዚህ ጋ ነው። ሮጀር ብራውንና ጄምስ ኩሊክ እ.ኤ.አ. በ1977፣ አስደንጋጭ የሕዝብ ዜና የሰማንበት ቅጽበት ልክ በካሜራ ብልጭታ እንደተነሣ ፎቶግራፍ በአእምሯችን ይቀራል የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ ለብዙዎችም አሳማኝ ነበር። ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1986 በሰማይ ላይ ስትበተን ግን ኡልሪክ ናይሰርና ኒኮል ሃርሽ አንድ ብልህ ነገር አደረጉ፤ በማግሥቱ ጠዋት ተማሪዎች ዜናውን የት፣ ከማን፣ ምን እያደረጉ እንደሰሙ በገዛ እጃቸው አስጻፏቸው። ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ቆይተው 44ቱን እንደገና ጠየቋቸው። አዲሱ መልሳቸው ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጋር ያለው ስምምነት ከ7 ነጥብ በአማካይ 3 እንኳ አልሞላም፤ 11ዱ ተማሪዎች ዜሮ አገኙ፤ የእርግጠኝነታቸው አማካይ ግን ከ5 ነጥብ ከ4 በላይ ነበር። አንዷ ተማሪ በማግሥቱ የጻፈችው ክፍል ውስጥ ሳለች ሰዎች ገብተው ሲያወሩ እንደሰማች ነበር፤ በኋላ ግን መኝታ ክፍሏ ከጓደኛዋ ጋር ቴሌቪዥን ስታይ እንደነበረች አስታወሰች። በገዛ ጽሕፈታቸው የተጻፈው ወረቀት ሲታያቸውም እንኳ የመጀመሪያው ትዝታ ተመልሶ የመጣለት ሰው አልተገኘም። ጠፍቷል፤ ቦታውን ሌላ ይዞታል።

ጄኒፈር ታላሪኮና ዴቪድ ሩቢን ደግሞ እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ቀን 2001፣ በኒውዮርክና በዋሽንግተን ላይ ጥቃቱ በተፈጸመ ማግሥት፣ 54 ተማሪዎችን ስለ ጥቃቱ ዜናና በዚያው ሰሞን ስለገጠማቸው አንድ ተራ ጉዳይ አስጽፈው፣ ከሳምንት፣ ከስድስት ሳምንት ወይም ከ32 ሳምንት በኋላ መልሰው ጠየቋቸው። ሁለቱም ትዝታዎች እኩል ተሸርሽረው ነበር። ልዩነቱ፣ ተማሪዎቹ በተራው ትዝታ ላይ ያላቸው እምነት አብሮ ሲቀንስ በጥቃቱ ትዝታ ላይ ያለው ንቅንቅ አለማለቱ ነው። ታሊ ሻሮት፣ ማውሪሲዮ ዴልጋዶና ኤልዛቤት ፌልፕስ እ.ኤ.አ. በ2004 በአንጎል ምስል እንዳሳዩትም፣ ስሜት የሚነኩ ፎቶግራፎችን በተመለከተ «አስታውሰዋለሁ» የሚለው ስሜት ሲበረታ የማወቁ ትክክለኛነት አብሮ አልበረታም። ሰው ስሜት የሚነካ ነገር ሲያስታውስ አሚግዳላው አሁንም ይነቃል፤ ልቡ አሁንም ይመታል፤ ያንን የዛሬ ትርታ የትናንቱ እውነት ምስክር አድርጎ ይቆጥረዋል።

ይህ በፍርድ ቤት የሰው ሕይወት ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1984 በሰሜን ካሮላይና የተደፈረች አንዲት ተማሪ፣ ከተረፍኩ እለየዋለሁ ብላ የአጥቂዋን ፊት ሆን ብላ አጠናች። ከፎቶግራፎች መካከል አንዱን እያመነታች መረጠች፤ በአካል ከተሰለፉትም ያንኑ ሰው መረጠች፤ ፖሊሶቹም ደግ እንዳደረገች ነገሯት። ችሎት ፊት ስትቆም ጥርጣሬ የሚባል አልነበራትም። ጉዳዩ እንደገና ሲታይ እውነተኛው አጥቂ ፊቷ ቀርቦ ሳለ «አይቼው አላውቅም» አለች። የተፈረደበት ንጹሕ ሰው እ.ኤ.አ. በ1995 በዲኤንኤ ምርመራ ነፃ እስኪወጣ ድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ታሰረ። ይህች ሴት ያለችውን ሁሉ ከልቧ ነው ያለችው፤ ጥፋቱ የእርሷ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን የነበራት ማመንታት ተመዝግቦ ቢጠበቅና የፖሊሶቹ ምስጋና ባይጨመርበት ኖሮ ችሎቱ የሚመዝነው ነገር ይኖረው ነበር።

ስሜት በሌላም በር ይገባል፤ ያኔ ምን ተሰምቶን እንደነበረ የምናስታውሰው ዛሬ በሚሰማን ልክ ነው። ሊንዳ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1992 የፕሬዚዳንት እጩ የነበረው ሮስ ፔሮ ከአሜሪካ ምርጫ ድንገት ራሱን ሲያገልል ደጋፊዎቹ ምን እንደተሰማቸው ወዲያው ጠየቀች፤ ከምርጫው በኋላም መልሳ ጠየቀች። የሐዘናቸው፣ የቁጣቸውና የተስፋቸው ትዝታ ለሰውዬው በኋላ ካላቸው አመለካከት ጋር ተስማምቶ ተለውጦ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በተመለሱ 59 የአሜሪካ ተጠባባቂ ወታደሮች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ጥናት ደግሞ ከበድ ያለ ነው፤ ከተመለሱ ከአንድ ወርና ከሁለት ዓመት በኋላ «በጦርነቱ ይህ ገጥሞሃል?» ተብለው ሲጠየቁ 88 በመቶው ቢያንስ አንድ መልስ ለውጠዋል፤ የጭንቀት ሕመም የበረታባቸው ደግሞ በሁለተኛው ጊዜ ብዙ አስፈሪ ገጠመኞችን ወደ መጨመር አዘንብለዋል። ስለ ስሜት ዓይነቶች ልዩነት ብዙ አልናገርም፤ ቢሆንም ደስተኛ ሰው ነገሩን በጥቅሉ ስለሚይዝ ለአንዳንድ ዓይነት ስሕተት ቀረብ እንደሚል፣ ያዘነ ሰው ደግሞ ዝርዝሩን እንደሚመረምር የሚያሳዩ የላቦራቶሪ ሙከራዎች አሉ፤ ሐዘኑ ግን ወደ ድንጋጤ ካደገ ከላይ ያልኩት ሁሉ ይመለሳል።

ይህን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ በደል ይሆንብኛል። ይህ እውቀት የተጎዳን ሰው «ይህ የምናብ ሥራ ነው» ብሎ ለማሳፈር መሣሪያ ሲሆን አይቻለሁ፤ በጣምም ያሳዝነኛል። በከባድ ጉዳት ትዝታ ላይ የተደረጉት ጥናቶች የሚያሳዩት በጥቅሉ እምብርቱ እንደሚቀርና ዙሪያው እንደሚሳሳት ነው። ያልተፈጸመን ነገር ከነሥሩ በሰው አእምሮ መትከል ይቻላል፤ ለዚህ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታመን ሰው ግፊት፣ ተደጋጋሚ ጥያቄና በምናብ የመሣል ልምምድ ያስፈልጋል። ሎፍተስና ጃክሊን ፒክሬል እ.ኤ.አ. በ1995 ለ24 ሰዎች «ልጅ ሳለህ ገበያ አዳራሽ ውስጥ ጠፍተህ ነበር» የሚል የተፈጠረ ታሪክ በዘመዶቻቸው ስም ባቀረቡላቸው ጊዜ ስድስቱ በሙሉ ወይም በከፊል ተቀበሉት። ሁልጊዜ የሚጠቀሱት ስድስቱ ናቸው፤ እኔ ግን ያልተቀበሉትን 18ቱንም ልብ በሉልኝ እላለሁ። በእርስዎ ጉዳይ ደግሞ አባትዎ መውደቃቸው አላከራከረም፤ መደንገጥዎም አላከራከረም። የሚያከራክረው የቆሙበት ቦታ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ምን ቢያደርጉ እንደሚሻል ልንገርዎ፤ መጀመሪያ ከእህትዎ ጋር ስለዚህ ቀን ማውራቱን ለጊዜው ያቁሙ። እያንዳንዱ ውይይት የአንዳችሁን ትዝታ በሌላችሁ ላይ ያፈስሰዋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ሁለታችሁ ልትስማሙ ትችላላችሁ፤ ስምምነቱ ግን ምንም አያረጋግጥም። ለየብቻችሁ ጻፉ፤ ብርጭቆው ከመውደቁ በፊት ምን ታደርጉ እንደነበረ፣ ከዚያስ ወዴት እንደሄዳችሁ፣ ማን ምን እንዳላችሁ። የማታስታውሱትን «አላስታውስም» ብላችሁ ተዉት፤ ክፍቱን ቦታ ለመሙላት አትታገሉ። እናትዎ በሕይወት ካሉ «በሩ ላይ የነበርኩት እኔ አይደለሁም?» ብለው አይጠይቋቸው፤ መልሱን በጥያቄው ውስጥ ሰጥተዋቸዋልና። «ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ እንደሚያስታውሱት ይንገሩኝ» ይበሏቸውና እስኪጨርሱ ዝም ይበሉ። ከዚያ በኋላ ከሰው ጭንቅላት ውጭ የተቀመጠውን ይፈልጉ። አባትዎ ሆስፒታል ገብተው ከነበረ ቀኑና ሰዓቱ የተጻፈበት ወረቀት ቤት ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ሰዓቱ እርስዎ ክፍል ውስጥ መሆን በነበረብዎት ሰዓት ላይ ከዋለ ለእህትዎ ያደላል፤ ቀኑ ትምህርት የሌለበት ከሆነ ግን «ትምህርት ቤት ነበርሽ» የሚለው የእህትዎ ትዝታ ራሱ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ይኖርበታል።